ምዕራፍ አምስት፦ ስለ ደቻቱ ጎርፍና በሰው ልብ ስለሚተወው ነገር

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በረሃውን አቋርጦ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ ሐረር እንዳይወጣ የዳገቱ ጽናትና የወጪው ብዛት ስለ ከለከለው ከቆላው ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ስፍራ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የተጠራችው፣ በኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሟ የጸናችው ከተማ ተቆረቆረች። በአንድ ወገን ከዚራ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎቹና ጥላ በሚሰጡ ዛፎቹ፣ በሌላው ወገን መጋላ በገበያው፣ በመስጊዶቹና በሚጠማዘዙ ጠባብ መንገዶቹ አደጉ፤ በሁለቱም መካከል ደቻቱ ተዘርግቶ ይገኛል። የባቡር ሠራተኛውና ነጋዴው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራውና ጉራጌው፣ ዓረቡና ግሪኩም ሳይቀር ተጐራብተው የኖሩባት ይህች ከተማ በደግነቷና በጨዋታ ወዳድነቷ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀች ናት፤ ይህ ምዕራፍ ግን የሚናገረው ስለ ኀዘኗና ኀዘኗ ስለሚያስተምረን ነገር ነው።

ደቻቱ ከመስከረም እስከ መስከረም የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ ከዓመቱ ቀኖች የሚበዛውን አሸዋ ሆኖ ይኖራል። በማለዳ ማገዶ የተሸከሙ ሴቶች ከተራራው ሥር ወርደው በአሸዋው ላይ እያለፉ ወደ ቀፊራ ገበያ ያቀናሉ፤ ግመሎች አንገታቸውን እያወዛወዙ ይሻገራሉ፤ ጐልማሶች አካፋ ይዘው የግንባታ አሸዋ በመኪና ላይ ይጭናሉ፤ ነጋዴዎች ሸራ ዘርግተው ልብስና ጫት ይሸጣሉ፤ ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆችም ሁለት ሁለት ድንጋይ ለግብ አቁመው እስኪመሽ ድረስ ኳስ ይጫወታሉ። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ወንዝ መሆኑ ካልተነገረው በቀር ሰፊ አደባባይ ይመስለዋል። የአገሩም ሰው ቢሆን፣ ስሙን ወንዝ ብሎ ቢጠራውም፣ እግሩ የሚያውቀው እንደ መንገድ፣ ኪሱ የሚያውቀው እንደ ገበያ፣ ልጁ የሚያውቀው እንደ ሜዳ ነው። የደቻቱም አስፈሪነት ከዚህ ይጀምራል፤ ሰውን በድንገት የሚወስደው ከሩቅ አይቶ የሚጠነቀቀው ነገር ሳይሆን ዕለት ዕለት የሚረግጠው ነገር ነውና።

ስለ ሐምሌ ሌሊቱ

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ቀን፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ለጾመ ፍልሰታ አንድ ቀን ሲቀር፣ ለሙስሊሙም ወርኃ ረጀብ ሆኖ ሳለ፣ ከከተማይቱ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ የወረደው ብርቱ ዝናብ በየሸለቆው ተሰብስቦ፣ ድንጋይ እያንከባለለና ግንድ እየነቀለ፣ ሰው ሁሉ በእንቅልፍ ላይ ባለበት ሰዓት በደቻቱ ላይ ደረሰ። ከወንዙ ዳርና ከወንዙም ውስጥ ተሠርተው የነበሩት ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተወሰዱ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም የደረሱበት ሳይታወቅ ቀሩ፤ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከቤት ንብረቱ ተፈናቀለ። በነሐሴ 1 ቀን ጾሙ ሲገባ በብዙ ቤት የተቀበለው ለቅሶ ነበር። በዚያው ክረምት በደቡብ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ሕዝብ ላይ ብዙ መቶ ሰው ፈጅቷል፤ በጣና ዙሪያም ፎገራና ደምቢያ በውሃ ተውጠው ነበርና፣ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ለአገሪቱ ሁሉ የመከራ ክረምት ሆነ።

ይህ ሁሉ የሰማይ ሥራ ብቻ ነውን ብለን ብንጠይቅ፣ የምድሩ አቀማመጥ ራሱ ይመልስልናል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከበስተ ደቡቧ የሚታዩት የደንገጎ ከፍታዎች 2,000 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ በተራራው ላይ የወደቀ ውሃ አጭር መንገድ በታላቅ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሲወርድም የሚያዘገየው ደን፣ የሚመጠው ለም አፈር ስለ ሳሳና የተራቈተው ድንጋይ ስለ በዛ፣ ቀድሞ በብዙ ሰዓት ይደርስ የነበረው በጥቂት ሰዓት ይደርሳል። ደራሽ ውሃ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ዝናቡ በሌላ ስፍራ ዘንቦ ጥፋቱ በሌላ ስፍራ ይሆናልና፣ በራሱ ሰማይ ላይ ከዋክብትን እያየ የተኛ ሰው እንኳ ሊወሰድ ይችላል። በዚህ ላይ ድኻው ከገበያው ሳይርቅ፣ ኪራይም ሳይከብደው ለመኖር ሲል ወደ ወንዙ ዳር ይጠጋል፤ ባለጠጋው ከፍ ካለው ላይ ይሠራል። እንግዲህ ዝናብ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ዝናቡን መቅሠፍት የሚያደርገው ግን የተራቈተው ተራራ፣ ከወንዙ ዳር የተሠራው ቤት፣ ያልተነገረው ማስጠንቀቂያና የድኻው አማራጭ ማጣት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢጐድል የሞተው ሰው ቍጥር በቀነሰ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ዳርና ዳር የድንጋይ ግንብ ተሠርቷል፤ ለተፈናቃዮችም ቤት ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ሰው ሁሉ በኮሮና ወረርሽኝ ተጨንቆ ሳለ ጎርፉ ተመልሶ መጥቶ የሰው ሕይወት አጥፍቷልና፣ ግንብ ብቻውን ለከተማይቱ ጠባቂ ሊሆን እንደማይችል ታውቋል።

ስለማይቈጠረው ጉዳት

ከመቅሠፍት በኋላ የመንግሥት ሹማምንት መዝገብ ይዘው ይወጣሉ፤ የሞተው ሰው፣ የፈረሰው ቤት፣ የጠፋው ከብት፣ የተበላሸው ዕቃ በየተራው ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ ዓምድ ያልተሠራለት አንድ ጉዳት አለ፤ እርሱም ከውሃው ተርፎ ከፍርሃቱ ያልተረፈ ሰው ልብ ነው።

ከደቻቱ ዳር ባለች በአንዲት የቆርቆሮ ቤት የምትኖር እናትን በኅሊናችን እንይ። ክረምት ገብቶ፣ ሌሊት በጣራው ላይ ነጠብጣብ መሰማት ሲጀምር፣ ገና ዝናቡ ሳይበረታ እርሷ ከመኝታዋ ተነሥታለች። በጨለማ እጇን እየዘረጋች የልጆቿን እግር አንድ በአንድ ትዳስሳለች፤ የልደት ወረቀታቸውንና የቀበሌ መታወቂያዋን በፌስታል ጠቅልላ ከጉያዋ ታደርጋለች፤ በሩን በጥቂቱ ከፍታም ጆሮዋን ወደ ተራራው ታቀናለች፤ የምታዳምጠው የዝናቡን ድምፅ አይደለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ የሚሰማውን፣ ከውሃው የሚቀድመውን ያንን የጕርምርምታ ድምፅ ነው። ዝናቡ አባርቶ ምንም ሳይመጣ ቢነጋ እንኳ እንቅልፍ አትተኛም፤ ጠዋት ወደ ገበያ ስትወጣ ጕልበቷ የዛለ፣ ነገሯ የተቋረጠ፣ ልጆቿን ያለ ምክንያት የምትቈጣ ትሆናለች። ጎረቤት ሴትዮዋ ተለወጠች ይላል፤ እርሷም ራሷን ምን ነካኝ ትላለች።

የነካትን ነገር የሕክምና ሊቃውንት እንዲህ ያስረዱታል። ሰው የሞት አደጋ በተጋረጠበት ጊዜ ኅሊናው መክሮ ከመወሰኑ በፊት ሥጋው ይቀድማል፤ በአንጐል ውስጥ ያለው አሚግዳላ የሚባለው ትንሽ ክፍል የአደጋውን ምልክት ተቀብሎ ለሰውነት ሁሉ ያውጃል፤ አድሬናሊን የተባለው ቅመም በደም ውስጥ ይፈስሳል፤ ልብ ይመታል፤ ጡንቻ ይጠነክራል፤ ሰውየውም ይሸሻል ወይም ይታገላል። ይህ ለሕይወት ጥበቃ የተሰጠ ጸጋ ነው። ነገር ግን አደጋው ካለፈ በኋላም ያ ትንሽ ክፍል የሰማውን ድምፅ፣ ያሸተተውን የጭቃ ሽታ፣ ያየውን ጨለማ ከሞት ጋር አያይዞ ስለሚያኖረው፣ ከእነዚህ አንዱ በተመለሰ ቍጥር ጎርፉ እንደ ገና የመጣ ያህል አዋጁን ያውጃል። ሴትዮዋ አእምሮዋ አልሳተም፤ ሰውነቷ አንድ ጊዜ የተማረውን ትምህርት አልረሳም እንጂ።

ስለዚህ ከመቅሠፍት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት፣ በትንሽ ኮሽታ መደንገጥ፣ መፍዘዝና ማልቀስ አለመቻል እንደ በሽታ ሊቈጠሩ አይገባም፤ ከብዙ ሰዎችም ጊዜ እያለፈ፣ ኑሮ እየተስተካከለ ሲሄድ ይለቃሉ። ከወር በላይ ጸንተው ሰውን ከሥራው፣ ከቤተ ሰቡና ከአምልኮው የሚያስቀሩት እንደ ሆነ ግን ድኅረ አደጋ ጭንቀት ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሕፃናት ምልክት ደግሞ ከትልልቆቹ ይለያል፤ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት የጀመረ፣ ከእናቱ ቀሚስ የማይላቀቅ፣ በጨዋታውም ደጋግሞ ቤት ሠርቶ በውሃ የሚያፈርስ ልጅ በአፉ ሊናገር ያልቻለውን በሥራው እየተናገረ ነውና፣ ቍጣ ሳይሆን መታቀፍና የተለመደው የቀን ሥርዐቱ መመለስ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አስከሬን ያልተገኘለት ኀዘን ነው። በአገራችን ለቅሶ ሥርዐት አለው፤ ቀብር አለ፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ በሙስሊሙም ዘንድ ጀናዛ አለ፣ ሰደቃ አለ፤ እነዚህም ሁሉ የተሰበረ ልብን እንደ ደረጃ አንድ በአንድ እያወረዱ ወደ መጽናናት የሚያደርሱ ናቸው። ልጁን አሸዋ የቀበረበት አባት ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተገትሮ ይቀራል፤ ሞቷል ቢል ተስፋን የገደለ ይመስለዋል፣ አልሞተም ቢል ኀዘኑ አያልቅለትም። ፖሊን ቦስ የተባለችው አሜሪካዊት ምሁር በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተ ሰቦች መርምራ፣ እንዲህ ያለው ሰው የሚታመመው ከጠባዩ ድካም የተነሣ ሳይሆን የደረሰበት እጦት ራሱ ፍጻሜ የሌለው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምራለች። ስለዚህ ካህኑ አስከሬኑ ባልተገኘ ሟች ስም ጸሎተ ፍትሐት ሲያደርስለት፣ ወይም የሐረርጌ ሙስሊም የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ እንደሚፈቅደው በሩቅ ላለ ሟች ሲሰገድለት፣ የሚፈጸመው ሃይማኖታዊ ግዴታ ብቻ አይደለም፤ ለታሰረ ልብ መፍቻም ጭምር ነው።

ስለ ማጽናናት ጥበብ

መጽሐፈ ኢዮብን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ጻድቁ ሰው ሀብቱንና ልጆቹን ባጣ ጊዜ ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በምድር ላይ ከእርሱ ጋር ተቀመጡ፤ ኀዘኑ ታላቅ መሆኑን አይተዋልና አንድ ቃል የተናገረው አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ሥራቸው የተወደደ ነበር፤ አፋቸውን ከፍተው ይህ የደረሰብህ ስለ ኀጢአትህ ነው ማለት በጀመሩ ጊዜ ግን ከማጽናናት ወደ ማቍሰል ተሻገሩ። የዘመናችን ሳይንስ ብዙ ደክሞ የደረሰበት ነገር ከዚህ ጥንታዊ ታሪክ ብዙም አይርቅም። ቀድሞ ከአደጋ የተረፉ ሰዎችን በቶሎ ሰብስቦ የደረሰባቸውን ሁሉ በዝርዝር እንዲተርኩ ማድረግ ይጠቅማል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በጥናት ሲመረመር ግን እንዲህ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ኑዛዜ በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም እንደሚጐዳ ስለ ታወቀ፣ የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። በመጀመሪያው ወር ለድንጋጤና ለእንቅልፍ ማጣት ሲባል እንደ ዲያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ክኒን መስጠትንም ድርጅቱ አይመክርም፤ እንግዲህ ለቅሶ ቤት ይህንን ዋጥና ተኛ እየተባለ በደግ ልብ የሚታደለው ክኒን ሊቀር ይገባዋል።

በምትኩ የሚመከረው የመጀመሪያ የሥነ ልቡና ርዳታ የሚባለው ሲሆን፣ ድርጅቱና አጋሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ በሦስት ግሦች ተጠቃልሏል፤ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መመልከት ማለት ማን እንደ ቈሰለ፣ ማን ብቻውን እንደ ተቀመጠ፣ ማን ልጁ እንደ ጠፋበት ማየት ነው፤ ማዳመጥ ማለት ሳይጠይቁና ሳያቻኵሉ፣ ሊናገር የወደደውን እስከ ወደደበት መስማት፣ ዝም ሊል የወደደውንም አብሮ ዝም ማለት ነው፤ ማገናኘት ማለት ከውሃ፣ ከልብስ፣ ከዘመድ፣ ከጤና ጣቢያ ጋር ማድረስ ነው። ይህንን ለማድረግ ዲፕሎማ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና ጥቂት ሥልጠና ይበቃል።

ለዚህ ሥራ ድሬዳዋ ባዶ እጇን አይደለችም። እድር አላት፤ ከሐረር የወረደው የመረዳጃ ማኅበር፣ አፎሻ፣ አላት፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና የቡናው ሥርዐት ከመቅሠፍቱ በፊት ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ናቸው። የዚምባብዌ ልምድ የሚያስተምረንም ይህንን ነው፤ ሐራሬ በምትባለው ዋና ከተማቸው ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም፣ ሐኪሞች በማነሳቸው ተጨንቆ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዕድሜ የገፉ እናቶችን አሠልጥኖ ከጤና ጣቢያ ደጅ ባለ የእንጨት አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸው፤ የተጨነቀ ሰው ከጐናቸው ተቀምጦ ችግሩን እያወያየ ከብዙዎቹ ችግሮች አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ረዱት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የተደረገው ምርመራም በእናቶቹ የተረዱት ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ ድባቴያቸው እንደ ቀለለላቸው አሳየ። በእድር ስብሰባ ላይ የሚቀመጡት የእኛ እናቶች ከእነዚያ በምን ያንሳሉ? ሥልጠናውን የሚሰጣቸው፣ ከእነርሱ አቅም በላይ የሆነውን ሰው በጤና ጣቢያና እንደ ድል ጮራ ባለ ሆስፒታል የሚቀበልላቸው ካገኙ፣ ሥራው ከልማዳቸው ውጪ አይሆንባቸውም።

ስለ ሙቀትና ስለ ቀጣዩ ዘመን

ዓየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቍጥር የሚሸከመው ተን በመቶ 7 ያህል ይጨምራል፤ ብዙ የተሸከመ ዓየርም ሲያፈስስ በአንድ ጊዜ ብዙ ያፈስሳልና፣ ምድር እየሞቀች በሄደች መጠን ብርቱ ዝናብ ይበረታል። በድሬዳዋ ግን የአየር ለውጥ የሚታወቀው በጎርፍ ብቻ አይደለም። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ መድረሱና ማለፉ የተለመደ ነው፤ ሌሊቱም ሳይበርድ ሲቀር እንቅልፍ ይጐድላል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ቍጣው ይፈጥናል፣ ተስፋው ይቀንሳል፣ ቀድሞ የነበረበት የአእምሮ ሕመምም ይነሣበታል። በተለይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአገራችን ብዙ ሕሙማን የሚወስዱት ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበትን ሥርዐት ያውካል፤ ሊትየም የሚወስድም ሰው ውሃ ሲጠማው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ይችላል። እንግዲህ በቆላ ከተማ ያለ ሐኪምና የሕሙማን ቤተ ሰብ፣ ሙቀት ሲበረታ ጥላና ውሃ ለሕመምተኛው እንደ መድኃኒቱ አስፈላጊ መሆናቸውን ሊያውቁ ይገባል፤ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ ነው።

የውሃ እጥረትም የራሱን መከራ ይወልዳል። ቧንቧ ስለሚቋረጥ ሕዝቡ ውሃ በበርሜልና በታንከር ያጠራቅማል፤ በዚያ ውሃ ውስጥም ትንኝ ይፈለፈላል። በ2006 ዓ.ም. መባቻ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው ቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. በበጋ ወራት የታየውና አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው ከእስያ ከመጣች ትንኝ ጋር የተያያዘው ወባ፣ ሁሉም ከተማይቱን አስጨንቀዋል። በቺኩንጉንያው ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሕዝብ መገጣጠሚያውን እየያዘው በአንድ ወቅት ወደቀ። ጎርፍ፣ ሙቀት፣ ትኩሳት በተከታታይ የሚጐበኙት ሕዝብ የሚያልቅበት ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ነገ ይሻላል ብሎ የሚነሣበት ጕልበቱም ይደክማል።

የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳስታወቀው፣ ከተጠየቁት 95 አገሮች መካከል የአእምሮ ጤናን በጤናና በአየር ለውጥ ዕቅዳቸው ውስጥ ያስገቡት 9 ብቻ ነበሩ። በእኛም አገር በአንድ ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም.፣ ሁለት መልካም ሰነዶች ሥራ ላይ ይውሉ ጀመር፤ አንደኛው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ፣ ሁለተኛው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ነው። አንደኛው ለልብ፣ ሁለተኛው ለወንዝ የሚያስብ ሆኖ በሁለት መሥሪያ ቤት ይጠበቃሉ፤ በደቻቱ ዳር ባለችው እናት ቤት ግን ልብና ወንዝ በአንድ ሌሊት ይገናኛሉ።

ማስጠንቀቂያ ስለ ፈውስነቱ

የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ከተማን ከጎርፍ የሚጠብቀው ሥራና ልብን ከፍርሃት የሚፈውሰው ሥራ ሁለት ሳይሆኑ አንድ ናቸው። ያቺ እናት በየሌሊቱ የምትነሣው የጥበቃውን ሥራ ብቻዋን ስለ ተሸከመችው ነው፤ ማንም እንደማያነቃት ታውቃለችና ራሷን ታነቃለች። ሌላ ሰው በታመነ ሥርዐት ተግቶ እንደሚጠብቅላት፣ አደጋ ሲመጣም በጊዜ እንደሚነግራት ብታውቅ፣ ዝናብ እየዘነበ መተኛት ትችል ነበር።

ይህ እንደሚቻል የሚመሰክር አገር አለ። በ1970 እ.ኤ.አ. በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የተነሣው ታላቅ ማዕበል ዛሬ ባንግላዴሽ በምትባለው ምድር ላይ ከ300,000 የማያንስ ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ ያ ድኻ አገር የበጎ ፈቃድ ሠራተኞችን በየመንደሩ አደራጀ፤ እነርሱም ዛሬ ከ70,000 በላይ ሆነው፣ ባንዲራ እየሰቀሉና በድምፅ ማጉያ እየጮኹ ሕዝቡን ወደ መጠለያ ይመራሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. አምፋን የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቀድሞ ስለ ተነሣ፣ በባንግላዴሽ የሞተው ሰው በአሥሮች የሚቈጠር ሆነ። ማዕበሉን የከለከለው የለም፤ የተለወጠው ሰው በጊዜ መስማቱና የሚሄድበትን ማወቁ ነው።

ለማስጠንቀቂያ አራት ነገር ያስፈልጋል፤ አደጋው የት እንደሚደርስ ማወቅ፣ የሚመጣውን መከታተል፣ ለሁሉ ማሰማት፣ የሰማውም ሰው የሚያደርገውን አስቀድሞ መለማመድ። ከአራቱ አንዱ የጐደለው ማስጠንቀቂያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል፤ ይልቁንም ወዴት እንደሚሸሽ ሳይናገር ጎርፍ ሊመጣ ይችላል እያለ የሚያስፈራራ አዋጅ ሰውን ያስጨንቃል እንጂ አያድንም። በደንገጎ ጫፍ ዝናቡን በዓይኑ የሚያየው ገበሬ የእጅ ስልክ አለው፤ በመጋላ መስጊዱ ድምፅ ማጉያ አለው፤ በከዚራ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል አለው፤ እድሩም ጥሩምባ አለው። ሰው ከሞተ በኋላ ቀባሪ ለመጥራት በማለዳ የሚነፋው ያ ጥሩምባ ሰው ሳይሞት እንዲነፋ ቢደረግ፣ ቃሉ አጭርና የታወቀ ቢሆን፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ቢነገር፣ እያንዳንዱም ሰፈር የሚወጣበት ከፍታ ተለይቶ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልጉና በክረምቱ መግቢያ፣ ልጆች ሳይቀሩ ቢለማመዱት፣ የከተማይቱ ጥንታዊ የኀዘን ዕቃ የሕይወት ዕቃ ይሆን ነበር።

በልምምዱም ውስጥ ሌላ ፈውስ አለ። ፍርሃት የሚሠራው ነገር ሲያጣ ሰውን ይበላል፤ ሥራ ሲሰጠው ትጋት ይሆናል። የጎረቤቱን አካል ጉዳተኛ አዛውንት እንዲያወጣ ተራ የደረሰው ወጣት፣ የሰፈሩን ሕፃናት እንድትቈጥር የተመረጠች እናት፣ ተራራው ላይ ችግኝ ተክሎ እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ሁሉም ጎርፉን ያውቁታል፤ ነገር ግን እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ጠባቂ ያውቁታል። ስለዚህ አስተዳደሩ ግንብ ሲሠራ ከግንቡ ጋር የሚያዳምጥ ሰው በጀት ይመድብ፤ ጤና ጣቢያው ለቈሰለው እግር እንደሚጠይቅ ለጠፋው እንቅልፍም ይጠይቅ፤ እድርና አፎሻ በመዝገባቸው የሟቹን ብቻ ሳይሆን ከአደጋው የተረፈውንም ስም ይጻፉ፤ መምህሩ የሚለቀሰውን ሳይሆን የሚደረገውን ያስተምር፤ ጎረቤትም በዝናብ ሌሊት መብራት የበራበትን ቤት አይቶ ደግሞ ይጠይቅ። የሚመጣውን ዝናብ ልንከለክል አይቻለንም፤ ሰው ሳይሰማ እንዳይሞት፣ የተረፈውም ብቻውን እንዳይፈራ ማድረግ ግን ይቻለናል፤ የሚቻለንንም አለማድረግ በሕያዋንም በሙታንም ፊት በደል ነው።